«አየር እኮ ነው»፦ የልጆች መጫወቻ ስለሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ተረትና እውነታ

በታኅሣሥና በጥር የጎጃም ገበሬ አውድማው ላይ ሆኖ ነፋስ ይጠብቃል። ነፋሱ ሲነሳለት ጤፉን በላይዳ ወደ ላይ ይበትነዋል፤ እብቁ ይሄዳል፣ ፍሬው ይቀራል። በዚያው ሰሞን፣ በገናና በጥምቀት፣ ደብረ ማርቆስ ሜዳ ላይ ጃምፒንግ፣ ልጆች የሚዘሉበት የሸራ መጫወቻ፣ በአየር ይነፋል። አንድ የበዓል ማግስት የእህቴን ልጅ ይዤ እስክሄድ ድረስ ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጅቷ ጫማዋን እያወለቀች ሳለ ዓይኔ ገመዶቹ ላይ አረፈ። ስድስት ናቸው። ሁለቱ በብረት ካስማ ተይዘዋል፣ ሁለቱ ድንጋይ ላይ ተጠምጥመዋል፣ አንዱ ከቆመ ባጃጅ ጋር ታስሯል፣ ስድስተኛው ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ገንዘብ የሚቀበለው፣ ጫማ የሚጠብቀው፣ ጄኔሬተሩን የሚያየውና ልጆቹን የሚቆጣጠረው አንድ ልጅ ነው፤ ቢበዛ 16 ዓመት ቢሆነው ነው።

«ይሄኛው ለምን አልታሰረም?» አልኩት።

«ካስማው ጠፍቶ ነው ጋሼ። ምንም አይሆንም፤ አየር እኮ ነው።»

«ሥራውን ማን አስተማረህ?»

«ባለቤቱ አንድ ቀን ጠዋት አሳየኝ። ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚጠፋ።»

ትሑት ልጅ ነበር፤ ስጠይቀውም አልተቆጣም። ያልተነገረውን ከየት ያምጣው? የመለሰልኝ ብዙዎቻችን የምናምነውን ነው። ያንን እምነት ከእውነታው ጋር ማስተያየት ይገባል።

ተረት፦ «አየር ብቻ ነው፤ ማንን ይጎዳል?»

አየር የሞላው ጃምፒንግ ለነፋስ እንደ ተዘረጋ ሸራ ነው። ጎኑ ሰፊ ነው፣ ክብደቱ ግን ለስፋቱ ትንሽ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ጠዋት ንቅንቅ ያላለው ከሰዓት በኋላ ከመሬት ሊነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2016 በእንግሊዝ አገር ሃርሎው ከተማ የ7 ዓመት ሕፃን ውስጡ እያለች ጃምፒንጉ ተነቅሎ 300 ሜትር ያህል ተንከባለለ። ሕፃኗ ሞተች። መጫወቻውን ያንቀሳቅሱ የነበሩ ባልና ሚስት በ2018 ፍርድ ቤት ቀርበው በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባሉ፤ እያንዳንዳቸውም የ3 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የተከሰሱበት ነገር በደንብ አለማሰራቸውና የአየሩን ሁኔታ አለመከታተላቸው ነበር። ከሃርሎው አደጋ ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 2021፣ በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ዴቨንፖርት ከተማ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓመቱን መዝጊያ ሲያከብር ነፋስ ጃምፒንጉን ከነልጆቹ ወደ ሰማይ አነሳው። ስድስት ተማሪዎች ሞቱ።

ለእነዚህ መጫወቻዎች የወጣው የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን 14960፣ ቢያንስ ስድስት ማሰሪያ ይጠይቃል፤ ነፋሱ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ካለፈም ጨዋታው እንዲቆም ያዛል። የእንግሊዝ መመሪያ ካስማው 38 ሴንቲ ሜትር እንዲረዝምና 16 ሚሊ ሜትር እንዲወፍር ይፈልጋል። ነፋስ የሚለካ ትንሽ የእጅ መሣሪያ አለ። መሣሪያው በሌለበት ዓይን ያገለግላል፦ አቧራና ወረቀት ከመሬት መነሳት ሲጀምር ነፋሱ ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ ቅጠል ያላቸው ትንንሽ ዛፎች መወዛወዝ ሲጀምሩ ወደ ወሰኑ ተጠግቷል፣ ልጆቹን ማውረድ ያስፈልጋል። የገበሬ ልጅ ለዚህ ትምህርት ግማሽ መንገድ ሄዶ ነው የሚመጣው፤ አባቱ አውድማ ላይ ነፋስ ሲለካ አይቷልና።

አንድ ነገር ግን መሣሪያም ዓይንም አይቀድመውም። በበጋ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ፀሐይ ባዶውን ማሳ ስታግለው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አዙሪት ይነሳል፤ አቧራውን እንደ ዓምድ አቁሞ ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል። ለእሱ መድኃኒቱ አስቀድሞ የተመታ ካስማ ብቻ ነው። ስለዚህ ስድስቱም ገመዶች ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀንም መታሰር አለባቸው። መሬቱንም ማወቅ ያስፈልጋል፦ በበጋ የሚሰነጠቅ መረሬ ላይ፣ ስንጥቁ አጠገብ የተመታ ካስማ ሲስቡት ይወጣል። ባጃጅ ደግሞ ባለቤቱ ሲፈልግ ተነስቶ የሚሄድ ነው።

ተረት፦ «ቁልፍ ለመጫን ምን ሥልጠና ያስፈልጋል?»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው እላለሁ፤ ሌሎቹ ከእሱ ነው የሚወለዱት። እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2015 በእንግሊዝ አልተን ታወርስ በተባለው ትልቅ መዝናኛ «ስማይለር» የሚሉት ባቡር 16 ሰው ጭኖ ሐዲዱ ላይ ከቆመ ባዶ ባቡር ጋር ተጋጨ። ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸውን አጡ። ኮምፒዩተሩ ከፊት የቆመ ባቡር እንዳለ አይቶ ማሽኑን አቁሞት ነበር። ሠራተኞቹ ማሽኑ የተሳሳተ መስሏቸው ትእዛዙን በእጅ ሽረው ባቡሩን ለቀቁት። መርማሪዎቹ በሐዲዱም፣ በባቡሩም፣ በመቆጣጠሪያውም ላይ እንከን አላገኙም። ማሽኑ ሲቆም ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ማንስ ሐዲዱን በዓይኑ እንደሚያረጋግጥ የሚደነግግ አስተማማኝ አሠራር አልነበረም። በ2016 ፍርድ ቤቱ ኩባንያውን 5 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው፤ ጥፋቱ ለሠራተኞቹ አሠራር ያላበጀላቸው የአሠሪው ነው ተብሎ።

የኦፕሬተር ሥራ ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ይጀምራል፤ ልጆቹ ከወረዱ በኋላም አያበቃም። በእኛ አገር ደግሞ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ሳስቶ ስለሚገኝ ተራ የቤንዚን ጄኔሬተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያጣል። ወረቀቱ ላይ «ይበቃል» የተባለ ጄኔሬተር ነፊውን ሞተር በሙሉ ኃይሉ ላያንቀሳቅሰው ይችላል፤ ጃምፒንጉ ይለሰልሳል፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጎብጣል። በመብራት የሚሠራው ደግሞ መብራት በጠፋበት ቅጽበት መርገብ ይጀምራል፤ ሸራው በልጆቹ ላይ ይወድቃል፣ ትንንሾቹ ከሥር ይቀራሉ። ያን ጊዜ ኦፕሬተሩ ዝርዝር ገንዘብ እየፈለገ ከሆነ የሚደርስላቸው የለም። ገንዘብ ተቀባዩና ልጅ ጠባቂው ሁለት ሰው መሆን ያለባቸው ለዚህ ነው።

ተረት፦ «ልጆች ተደባልቀው ሲጫወቱ ነው ደስ የሚላቸው፤ ቢወድቁም ይጠነክራሉ»

ትራምፖሊን ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ሦስት አራተኛው ያህል የሚከሰተው ከአንድ በላይ ሰው አብሮ ሲዘል እንደሆነ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ አስፍሯል። የበለጠ የሚጎዳውም ትንሹ ነው። ከባዱ ልጅ ሲያርፍ ጨርቁ ይነጥርና ቀላሉን እንደ ድንጋይ ይወነጭፈዋል። በዕድሜና በቁመት ከፋፍሎ በተራ ማስገባት የኦፕሬተሩ ሥራ ነው። ወረፋውን ያስረዝማል፤ ይርዘም።

ተረት፦ «አንዴ ተፈትሿል»

እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2017 በአሜሪካ ኦሃዮ «ፋየር ቦል» የተባለ መጫወቻ በዚያው ቀን ተፈትሾ «ይሥራ» ተብሎ ነበር፤ ማታ አንድ ክንዱ ተገንጥሎ ሰው ገደለ። ዝገቱ ብረቱን ከውስጥ በልቶት ነበር። ይህን የመሰለውን ድብቅ ጉዳት ኦፕሬተሩ ብቻውን አያገኘውም፤ መሐንዲስና መሣሪያ ይጠይቃል። ኦፕሬተሩ ግን ማሽኑን በየቀኑ የሚሰማው ሰው ነው፦ ትናንት ያልነበረ ድምፅ፣ የላላ ብሎን፣ የተፈታ ስፌት። የሰማውን የሚጽፍበት መዝገብ፣ ሲጽፍም «ገበያ አታበላሽ» የማይለው አለቃ ያስፈልገዋል።

ተረት፦ «እምቢ የሚል ኦፕሬተር ሥርዓት የለውም»

በእኛ ባህል ታናሽ ለታላቅ እምቢ አይልም። እስቲ በሚሽከረከረው መጫወቻ በር ላይ የቆመውን ወጣት አስቡት። «ጋሼ ይቅርታ፣ ልጁ ከቁመት መስመሩ በታች ነው፤ ቀበቶው አይዘውም።» አባትየው ቆጣ ብሎ፦ «እኔ አባቱ አይደለሁም እንዴ? አስገባው!» ከኋላ ሰልፈኛው ያጉረመርማል፤ ልጁ ያለቅሳል። ወጣቱ ብቻውን ከሆነ በሩን ይከፍታል፤ እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን እከፍት ነበር። ስለዚህ እምቢታ የሚሰለጥኑበት ነገር ነው። የቁመት መለኪያው በግልጽ ተሰቅሎ ሲታይ፣ ባለቤቱ «እሱ አይቻልም ካለ አይቻልም» ብሎ በሰው ፊት ሲቆምለት፣ ገንዘቡ ሳይጨቃጨቁ ሲመለስ፣ ወጣቱ ታላቁን እያከበረ ሊከለክለው ይችላል። አክብሮቱ በድምፁ ይሁን፤ በሩ ግን ዝግ ይሁን።

ተረት፦ «ይህ ሁሉ ለውጭ አገር ነው»

በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ከተከፈቱ ወዲህ ልጅን መናፈሻ መውሰድ የብዙ ቤተሰብ ልማድ እየሆነ ነው፤ ፍላጎቱም ከአዲስ አበባ አልፎ ክፍለ ሀገር ገብቷል። ሙያው ግን አብሮ አልመጣም። መሠረቱ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ18 በታች ያለውን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም፤ አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን እንዲያስረዳም ያስገድዳል። አይኤስኦ 17842 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሁለተኛው ክፍሉ የተጻፈው ስለ መጫወቻዎች አሠራርና አጠቃቀም ነው። ለአናጢው፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው የብቃት ምዘና ያላት አገር ሰው ልጁን ለሚያስረክበው ወጣት ምዘና ማዘጋጀት አያቅታትም። በየከተማው ያሉ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች ኤሌክትሪክና ብረታ ብረት የሚያውቁ መምህራን አሏቸው፤ ከቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ጋር ቢገናኙ የአንድ ሳምንት ትምህርት ይወጣቸዋል።

ሳምንቱ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሰኞ ካስማና ገመድ፤ ሰልጣኙ በመረሬም በቀይ አፈርም መትቶ በራሱ ክብደት ይሳበው። ማክሰኞ ነፋስ። ረቡዕ ጄኔሬተር፣ የኤሌክትሪክ ገመድና ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ። ሐሙስ ልጅን መለካት፣ መከፋፈልና ወላጅን ማናገር፤ አንዱ ሰልጣኝ የተቆጣውን አባት ሆኖ ይጫወት። ዓርብ የመጀመሪያ እርዳታ። ቅዳሜ ፈተና ነው፦ አሥር ልጆች እየዘለሉ ሳለ አሰልጣኙ ሳይናገር ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ መጎንበስ ሲጀምር ሰልጣኙ መግቢያው ላይ ተንበርክኮ ልጆቹን በስማቸው እየጠራ፣ ትንሿን አስቀድሞ፣ እየቆጠረ ያወጣል፤ «አሥር» ሲል ሰዓቱ ይያዛል።