ሆድ እንጂ አንጀት የሌለው

እኛ ዘንድ «ኮሚክ» ማለት ሰው የሚያስቅ ሰው ነው። አሜሪካኖች በዚሁ ስም የሚጠሩት ግን በተከታታይ ሥዕልና ከገጸ ባሕርያቱ አፍ አጠገብ በሚጻፍ ንግግር የሚተረክ መጽሔት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚያስቅ ነገር የለውም። በ2018ቱ «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ፊልም ታኖስ ጣቱን ጧ አድርጎ የፍጥረትን ግማሽ ትቢያ ሲያደርግ ያየ ሰው የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ ደጃፉን ረግጧል። ከኮሚኮቹ መካከል ጠፈራዊ የሚባለው ዘርፍ ጀግኖቹን ከከተማ ሌባ ጋር አያታግልም፤ ባላንጣዎቹ ፕላኔት የሚበሉ፣ የሰውን ፈቃድ የሚሰርቁ፣ ከሞት ጋር ፍቅር የያዛቸው ናቸው። የማይወዱት ሰዎች ነገሩ «የኔ አባት ካንተ አባት ይበልጣል» ከሚለው የልጆች ፉክክር አያልፍም ይላሉ፤ ጡንቻ በጡንቻ ላይ እየተደረበ ይሄድና በመጨረሻ የሚገርም ነገር ይጠፋል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ኃይል ልኩን ሲያልፍ ቡጢ ከጨዋታ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ታሪኩ ሌላ መፍቻ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። የዘርፉም ጣዕም ያለው እዚያ ፍለጋ ውስጥ ነው።

በ1966 ደራሲው ስታን ሊና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ በ«ፋንታስቲክ ፎር» ከ48ኛው እስከ 50ኛው እትም ጋላክተስን ይዘው መጡ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጋላክተስ ቂም የለውም፤ የሚገዛው አገርም አይፈልግም። ይርበዋል፣ በቃ፤ ረሃቡን የሚያስታግስለት ደግሞ የአንድ ፕላኔት ጉልበት ነው። አራቱ ጀግኖች ያላቸውን ሁሉ ቢሞክሩበት ከዝንብ አልቆጠራቸውም። ታሪኩን ያዞረችው አሊሺያ ማስተርስ የምትባል ቀራጺ ናት፤ ዓይነ ስውር፣ ምንም ልዩ ኃይል የሌላት። የጋላክተስ መልእክተኛ ሲልቨር ሰርፈር ተመትቶ በቤቷ ጣሪያ በኩል ሲወድቅባት እንደ እንግዳ ተቀበለችው፣ አነጋገረችው፣ ሰው የሚባለው ፍጡር ለምን መኖር እንዳለበት ነገረችው። ይህ መልእክተኛ ራሱ በዕቅድ የመጣ አልነበረም። ከርቢ የጠፈር መርከብ መሣል ሰልችቶት በማዕበል መንሸራተቻ ሳንቃ ላይ ያቆመው ሲሆን፣ ሊ ገጾቹ ሲደርሱት ነው ያየው። አማርኛ ለዚህ ትዕይንት ከእንግሊዝኛው የተሻለ ዕቃ ያለው ይመስለኛል፦ ጋላክተስ ሆድ እንጂ አንጀት የለውም። ጌታው ፕላኔት ሊበላ ሲሰናዳ፣ የሎሌውን አንጀት አንዲት ዓይነ ስውር ሴት በላችው።

እዚህ ላይ ተቃዋሚው በቀላሉ የማይታለፍ ነጥብ ያነሳል፦ ጋላክተስ በመጨረሻ የሄደው አንጀቱ ራርቶ ሳይሆን ከአራቱ ጀግኖች አንዱ ጆኒ ስቶርም ከጋላክተስ ከራሱ መርከብ ያመጣውን አጥፊ መሣሪያ ሌላው ጀግና ሪድ ሪቻርድስ ስለደገነበት ነው። እውነት ነው፤ አፈታቱ ትንሽ ከኪስ የወጣ ይመስላል። ነገር ግን መሣሪያው አልተተኮሰም። ነገሩ ያለቀው በድርድር ነው፤ ዋጋውንም የከፈለው ሲልቨር ሰርፈር ሆነ፣ ጠፈርን እንዳሻው ይዞር የነበረው ምድር ላይ ታስሮ ቀረ። ደግሞ የሚገርመው 50ኛው እትም ነው። የዓለም ፍጻሜ ገና የመጽሔቱ መካከል ላይ ሳለን ያልቅና፣ በቀሩት ገጾች ጆኒ ኮሌጅ ሊማር ይሄዳል። ከጥፋት በተረፈ ማግሥት ትምህርት ቤት መመዝገብ፦ ደራሲዎቹ የትኛው ነገር እንደሚመዝን ጠፍቷቸው ይህን አላደረጉም።

ከርቢ በ1970 ከአታሚው ማርቭል ወደ ተፎካካሪው ዲሲ ሲሻገር፣ ቡጢ ካልሠራ ምን ይሠራል የሚለውን ጥያቄ ይዞት ሄደ። በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ ከአይሁድ ስደተኞች የተወለደው ይህ ሰው በ1944 ፈረንሳይ ውስጥ እግረኛ ወታደር ሆኖ ናዚዎችን ተዋግቷል፤ ዳርክሳይድ የሚባለውን ባላንጣውን ሳነብ ያ ጦርነት ከጀርባው ይታየኛል። ዳርክሳይድ ፕላኔት አይበላም። የሚያስሰው «ፀረ ሕይወት ቀመር» የሚባለውን፣ የሌላውን ፈቃድ ጠቅልሎ የሚገዛበትን ነገር ነው። በ«ኒው ጎድስ» 7ኛ እትም፣ በ1972፣ ሁለቱ ጠላት ዓለማት፣ የዳርክሳይዱና ደጉ፣ ሰላም ለማውረድ ልጆቻቸውን ሲለዋወጡ እናያለን። በደጉ ቤት ያደገው የዳርክሳይድ ልጅ ኦሪየን የአባቱ ዋና ጠላት ይሆናል። በክፉው ቤት በሥቃይ ያደገው የደጉ ወገን ልጅ ስኮት ፍሪ ደግሞ አምልጦ፣ ከእስራት ማምለጥን በአደባባይ እያሳየ እንጀራውን ይበላበታል። የሰማይ ጦርነት ተብሎ የተጀመረው ነገር የአስተዳደግ ታሪክ ሆኖ ቁጭ አለ።

ታኖስን በ1973 የፈጠረው ጂም ስታርሊን ከወታደር ቤት ወጥቶ የሥነ ልቦና ትምህርት ቀምሶ ነበር፤ ስሙንም ሞት ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶለታል። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ታኖስ ፍጥረትን የሚያጋምሰው ሀብት እንዳያንስ ነው ብሎ ያምናል። በ1991ዱ «ኢንፊኒቲ ጋንትሌት» ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፦ በሴት አምሳል የቆመችውን ሞትን ይወዳታል፤ እጅ መንሻው መሆኑ ነው። እሷ አንድ ቃል አትመልስለትም። ጀግኖቹ ተባብረው ሲመጡበት ይፈጃቸዋል፤ ኮከብ የሚያህሉ ኃያላን ሲመጡም ያሸንፋቸዋል። የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የሆነው አዳም ዋርሎክ እንደሚነግረው፣ ራሱን ለዚያ ኃይል ብቁ አድርጎ ስለማይቆጥር ሁልጊዜ የመሸነፊያውን መንገድ በገዛ እጁ ይተዋል። በመጨረሻ የምናገኘው ገበሬ ሆኖ ነው። ለእኔ ይህ ከፊልሙ ታኖስ ይበልጣል፤ የሀብት ስሌት ሊከራከሩበት ይቻላል፣ ያልተመለሰ ፍቅር ግን ማን ይከራከረዋል? ስታርሊን ወዲያው በ1992 እና በ1993 ያስከተላቸው ሁለት ሥራዎች ግን ለተቃዋሚዎቼ ምስክር ይሆናሉ፦ ሰልፈኛው በዛ፣ ገጾቹ በውጊያ ተጣበቡ፣ የአንድ ሰው ቁስል ግን አልነበረም። ዘርፉ ሲከሽፍ እንዲህ ነው የሚከሽፈው።

የቀረው ክስ የሞት ጉዳይ ነው። በኮሚክ የሞተ ይነሣል፤ ስለዚህ ማን ያዝናል? ክሱ በአብዛኛው ልክ ነው፤ አታሚዎቹም ለገበያ ሲሉ አባብሰውታል። ግን በ1982 ማርቭል ያሳተመው «ዘ ዴዝ ኦፍ ካፕቴን ማርቬል» አለ፤ የሠራውም ራሱ አባቱ በካንሰር የሞተበት ስታርሊን ነው። ማር ቬል የሚባለው የክሪ ሕዝብ ተዋጊ ቀደም ሲል በአንድ ውጊያ ከተነፈሰው መርዝ የተነሣ ካንሰር ይይዘዋል። ፕላኔት የሚያነሡት ጓደኞቹ፣ ሊቆቹ ሁሉ ተሰብስበው አያድኑትም። ወዳጁ ሪክ ጆንስ ይህን ያህል ዕውቀት እያላችሁ እስከ ዛሬ መድኃኒቱን ለምን አልፈለጋችሁም ብሎ ይቆጣቸዋል፣ መልስም የላቸውም። ስፓይደር ማን መቆም አቅቶት ከክፍሉ ይወጣል። ማር ቬል ከጥቂት የአጭር ጊዜና የማስመሰል መመለሶች በቀር እንደ ሞተ ቀርቷል። ከሞቱ በፊት አልጋው አጠገብ ከተሰለፉት መካከል አንድ የስክረል ጄኔራል አለ፤ ስክረሎች ዕድሜ ልኩን የተዋጋቸው ጠላቶቹ ናቸው። ጄኔራሉ የመጣው የሕዝቡን የጀግንነት ሜዳልያ ሊሰጠው ነበር።