መሪ የጨበጡ አዛውንት አደገኛ ናቸውን?
ስለ ዕድሜ፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ሐዋሳ ጎዳናዎች

ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፀሐይዋ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ አዘቅዝቃለች። ወደ ሐይቁ በሚወስደው ጎዳና ላይ አንድ ያረጀች ቶዮታ መኪና በዝግታ ትጓዛለች። መሪውን የጨበጡት ጠጉራቸው የሸበተ አዛውንት ናቸው። ከኋላቸው የተደረደሩት ባጃጆች ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ በቀኝ በኩል ሾልኮ ሲያልፍ ወጣቱ አሽከርካሪ አንገቱን አውጥቶ፣ «አባባ፣ ቤት አይቀመጡም?» ይላል።

እንዲህ ያለውን ትዕይንት ያላየ የከተማችን ነዋሪ አይኖርም። የወጣቱ ንግግር ከጨዋነት የራቀ ቢሆንም በውስጡ አንድ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ አለ። በእርግጥ ሰው ሲያረጅ ማሽከርከር ማቆም ይገባዋልን? ለአደጋው ይበልጥ ቅርብ የሆነውስ ማን ነው? በዝግታ የሚጓዙት አዛውንት ወይስ ሾልኮ ያለፋቸው ወጣት? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በስሜት ሳይሆን በሳይንስ ዓይን ለመመልከት እንሞክራለን።

የችግሩ ስፋት

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ፤ ምንም እንኳ እነዚህ አገሮች ያላቸው ከዓለም ተሽከርካሪዎች 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ቢሆንም። ለአገራችን ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ለ2016 ያወጣው ግምት ከ100,000 ሰው ወደ 27 የሚጠጋ ነበር።

አኃዝ ብቻውን ሐዘንን አይገልጽም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኞችን አሳፍሮ ይጓዝ የነበረ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለሰርግ የወጣ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ለቀብር ተመለሰ። እንዲህ ያሉ ታላላቅ አደጋዎች ሲደርሱ በአብዛኛው ተደጋግመው የሚነሡት ምክንያቶች ከመጠን ያለፈ ጭነት፣ ፍጥነት፣ የተሽከርካሪ ብቃት ማነስና የመንገድ አሠራር ናቸው። የአሽከርካሪው ሽምግልና ከእነዚህ መካከል ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። ይሁን እንጂ ዕድሜ በሰው አካል ላይ የሚያመጣው ለውጥ እውነት ስለሆነ ጉዳዩን በዝምታ ማለፍ አይገባም።

ዕድሜና ዓይን

ለማሽከርከር ከሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው የሚገኘው በዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ዕድሜ ቀድሞ ከሚያገኛቸው የአካል ክፍሎች አንዱ ነው። ከ40 ዓመት ጀምሮ የዓይን ሌንስ የመለጠጥ ችሎታው እየቀነሰ ስለሚሄድ በቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ማየት ያስቸግራል። ጋዜጣውን ከዓይናቸው እያራቁ የሚያነቡ አባቶችን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። አሽከርካሪ ከሩቅ መንገድ ወደ ፍጥነት መለኪያው ዓይኑን ሲመልስ የሚቸገረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የብርሃን ማነስ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ብርሃን የሚገባበት የዓይን ብሌን ይጠባል፤ ሌንሱም እየደፈረሰና ወደ ቢጫነት እየተለወጠ ይሄዳል። በዚህም የተነሣ የ60 ዓመት ሰው ሬቲና የሚያገኘው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ በምሽት ለወጣቱ ደብዘዝ ብሎ ቢታየው ለአዛውንቱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል።

ሦስተኛው ነጸብራቅ ነው። በደፈረሰ ሌንስ ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ይበተናል። ከፊት ለፊት በረጅም መብራት የሚመጣ መኪና ካለፈ በኋላ ወጣቱ ቶሎ ማየት ሲጀምር አዛውንቱ ግን ለተወሰኑ ሰኮንዶች በጨለማ ውስጥ ያሽከረክራሉ። በዚህ ረገድ የሐዋሳ አቀማመጥ የራሱ የሆነ ፈተና አለው። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሚገኝ በማምሻ ወደ ሐይቁ የሚያቀና አሽከርካሪ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይጋፈጣታል። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብ፣ በሰሜን ኬክሮስ 7 ዲግሪ አካባቢ፣ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ከጠለቀችም በኋላ ድንግዝግዙ ብዙ አይቆይም። ዓይን ከኃይለኛ ነጸብራቅ ወደ ጨለማ ለመሸጋገር የሚያገኘው ጊዜ አጭር ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የዓይን ሞራ አለ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ዓይነ ስውር ከሆኑት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ለዚህ የበቁት በዓይን ሞራ ነው። መልካሙ ዜና የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 84 የሆነ የዓይን ሞራ ያለባቸውን አሽከርካሪዎች ለዓመታት ተከታትሏል። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት የገጠማቸው የግጭት መጠን ካላደረጉት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ አንዳንዱን አዛውንት ቤት ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ ዓይን ሐኪም መውሰዱ የተሻለ መፍትሔ ነው ማለት ነው።

ዓይን አይቶ እግር እስኪረግጥ

አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ወደ መንገድ ሮጦ ገባ እንበል። ዓይን ያያል፤ አእምሮ ይወስናል፤ እግር ፍሬን ይረግጣል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። መኪናው በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይጓዛል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ጊዜ ይረዝማል። በተለይም ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መከታተል በሚጠይቁ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ባጃጁ፣ ብስክሌተኛውና እግረኛው ከየአቅጣጫው በሚመጡበት መስቀለኛ መንገድ፣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

አሁን ቀላል ስሌት እንሥራ። ወጣቱ ምላሽ ለመስጠት 1.5 ሰኮንድ፣ አዛውንቱ ደግሞ 2.5 ሰኮንድ ይፈጅባቸዋል ብለን እንነሣ። ወጣቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ አዛውንቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። መንገዱ ደረቅ፣ የሁለቱም ፍሬን ደኅና ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ፍጥነት በየሰኮንዱ በ7 ሜትር በሰኮንድ ይቀንሳል።

ወጣቱ ፍሬን ከመርገጡ በፊት 21 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍሬን ከረገጠ በኋላ ደግሞ ሌላ 14 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ድምሩ 35 ሜትር ነው። አዛውንቱም ፍሬን ከመርገጣቸው በፊት የሚጓዙት 21 ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ለመቆም 5 ሜትር ብቻ ይበቃቸዋል። ድምሩ 26 ሜትር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር አለ። አዛውንቱ ፈጽመው በቆሙበት ስፍራ ላይ የወጣቱ መኪና ገና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ነው። ሕፃኑ 30 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን የአዛውንቱ ዝግታ ሕይወቱን ያተርፋል፤ የወጣቱ ቅልጥፍና ግን አያድነውም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአበው ብሂል በፊዚክስ ቀመር ሲገለጽ ይኸው ነው። ሆኖም ስሌቱ ለአዛውንቱ የሚያደላው በዝግታ እስከነዱ ድረስ ብቻ መሆኑን መርሳት አይገባም። እርሳቸውም በ50 ቢነዱ ለመቆም ወደ 49 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ያስፈልጋቸዋል።

አኃዞች ሲያሳስቱ

ባደጉት አገሮች ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ አሽከርካሪዎች በተጓዙት ኪሎ ሜትር ልክ ሲሰላ የሞት መጠናቸው ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ይህን አኃዝ ሲመረምሩ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የአካል ተሰባሪነት ነው። ወጣቱን አጥንት ሰብሮ የሚተወው ግጭት አዛውንቱን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ለአረጋውያን አሽከርካሪዎች ተጨማሪ ሞት ከ60 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው ምክንያት ይኸው ነው። ከፍ ያለው የሞት አኃዝ በዋነኛነት የሚናገረው አዛውንቱ ብዙ ስለመጋጨታቸው ሳይሆን ከግጭቱ በሕይወት ያለመትረፋቸውን ነው።

ሁለተኛው የጉዞ ማነስ ነው። በዓመት ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው ግርግር በበዛበት የከተማ መንገድ ላይ ስለሆነ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ግጭቱ ይበዛል። ተመራማሪዎች እኩል ርቀት የሚነዱ ወጣቶችንና አረጋውያንን ሲያነጻጽሩ በዕድሜ ምክንያት ታይቶ የነበረው ልዩነት በአብዛኛው ጠፍቷል።

ቁልፉን መቀማት መፍትሔ ነውን?

በብሪታንያ 70 ዓመት የሞላው አሽከርካሪ መንጃ ፈቃዱን በየሦስት ዓመቱ ያድሳል። በጃፓን ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ልዩ ትምህርት፣ ከ75 በላይ የሆኑ ደግሞ የማስታወስና የማገናዘብ ፈተና ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በቶኪዮ አንድ የ87 ዓመት አዛውንት ያሽከረክሩት የነበረ መኪና አንዲት እናትና የሦስት ዓመት ሴት ልጇን ከገደለ በኋላ ክርክሩ ተጋጋለ። ከ2022 ጀምሮም የተወሰኑ ደንቦችን የጣሱ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ አሽከርካሪዎች የመንዳት ፈተና እንዲወስዱ ተደንግጓል። ፈቃዳቸውን በፈቃደኝነት ለሚመልሱ ደግሞ ብዙ ከተሞች የአውቶቡስና የታክሲ ቅናሽ ይሰጣሉ።

ሌላው ትምህርት የሚገኘው ከሰሜን አውሮፓ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ለ70 ዓመት አሽከርካሪዎች የሕክምና ምርመራ የምታስገድደውን ፊንላንድን ከማታስገድደው ስዊድን ጋር አነጻጽሮ ነበር። የፊንላንድ አረጋውያን አሽከርካሪዎች የተሻለ ደኅንነት አልታየባቸውም። በአንጻሩ በእግራቸው የሚጓዙ አረጋውያን የሞት መጠን በፊንላንድ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከመኪና የወረደ ሽማግሌ ከመንገድ አይጠፋም፤ እግረኛ ይሆናል።

ይህ ለእኛ ከሁሉም የላቀ ትምህርት ነው። በአገራችን አብዛኛው አረጋዊ ቀድሞውንም መኪና የለውም። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ገበያና ጤና ጣቢያ የሚሄደው በእግሩ ነው። የእግረኛ መሻገሪያ ጊዜ በብዙ አገሮች የሚሰላው ሰው በሰኮንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ሲሆን፣ በብሪታንያ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ሰዎች ሲለኩ አማካይ ፍጥነታቸው ለወንዶች 0.9፣ ለሴቶች 0.8 ሜትር ብቻ ሆኗል። 14 ሜትር ስፋት ያለውን ጎዳና ለመሻገር በመጀመሪያው ስሌት 12 ሰኮንድ ያህል ሲበቃ አንዲት አሮጊት ግን ከ17 ሰኮንድ በላይ ያስፈልጋቸዋል። በቀሪዎቹ አምስት ሰኮንዶች ውስጥ በ50 የሚበር ባጃጅ ወደ 70 ሜትር ይጓዛል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ መንጃ ፈቃድ ሲታደስ የሚደረገው የጤና ምርመራ ለይስሙላ የሚሞላ ቅጽ መሆን የለበትም። የዓይን ሞራና ግላኮማ፣ የስኳር በሽታ፣ የመርሳት ችግርና እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶች በቅጡ ሊጠየቁ ይገባል። መለኪያው ግን የልደት ቀን ሳይሆን ችሎታ ይሁን፤ በ60 ዓመቱ የደከመ አለ፣ በ75 ዓመቱም የበረታ አለና።

ሁለተኛ፣ አዛውንቱ ራሳቸው ሊያደርጓቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። በምሽትና ፀሐይ ፊት ለፊት በምትሆንበት ሰዓት አለመንዳት፣ የመስታወቱን ውስጥና ውጭ በንጽሕና መጠበቅ፣ ከፊት ካለው ተሽከርካሪ መራቅ፣ ግርግር ከበዛበት መስቀለኛ መንገድ ይልቅ ጸጥ ያለውን መምረጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ቤተሰብ ምልክቶችን ልብ ይበል። በመኪናው አካል ላይ የሚታዩ አዳዲስ ጭረቶች፣ በሚታወቅ መንገድ ላይ መሳት፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫውን ማምታታት የማስጠንቀቂያ ደወሎች ናቸው። ያን ጊዜ ልጅ አባቱን በአደባባይ ሳያሳፍር፣ አስፈላጊም ከሆነ ሽማግሌ ልኮ፣ በአክብሮት ሊያነጋግራቸው ይገባል። ይህ ቀላል ንግግር አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ በመሪ ልጆቹን ላሳደገ፣ ጡረታም ለሌለው ሰው ቁልፉን ማስረከብ እንጀራውን ማስረከብ ነው። ስለዚህ ቁልፉን የሚቀበል ልጅ አብሮ ሊቀበለው የሚገባ ኃላፊነት አለ።

አራተኛውና ዋነኛው ፍጥነት ነው። በከተማ ውስጥ ፍጥነትን ወደ 30 ማውረድ ለዘገየው የአዛውንት እግር፣ ለደከመው ዓይን፣ ኳስ ለሚያባርረው ሕፃንም በአንድነት የሚበጅ መድኃኒት ነው።

በ1956 ዓ.ም. አገራችን የትራፊክ አቅጣጫዋን ከግራ ወደ ቀኝ ስትለውጥ፣ በዚያ ዘመን መሪ የጨበጡና ዛሬ ሰማንያን የተሻገሩ አባቶች የለመዱትን ትተው እንደ አዲስ ተምረዋል። እነርሱ ያን ያህል መለወጥ ከቻሉ፣ ጥሩምባውን የሚያንባርቀው ወጣት እግሩን ከነዳጅ መስጫው ጥቂት ማንሣት አያቅተውም። ዕድሜ ከሰጠው እርሱም አንድ ቀን በዚያው ጎዳና፣ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ፣ ከኋላው ጥሩምባ እየተነፋበት በዝግታ የሚጓዘው አዛውንት ይሆናልና።