ከታክሲ ወደ ጭነት መኪና ስለሚሻገሩ ነጂዎች

ሰው የያዘውን ሥራ ለቆ ሌላ ሥራ ሲይዝ ብዙ ጊዜ የሚመለከተው የሚያገኘውን ነው እንጂ የሚተወውን አይደለም። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በእንፍራንዝ ከተማ መንገድ ዳር ቆመው መንገደኛ ከሚጠብቁት የባጃጅና የሚኒባስ ነጂዎች መካከል ብዙዎቹ የጭነት መኪና ሾፌር ለመሆን የሚመኙ መሆናቸው ነው። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ባጃጅ የሚነዳ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ ሲመላለስ ይውላል፤ ማታም የባለንብረቱን ገቢ አስረክቦ፣ የነዳጁን ከፍሎ፣ የተረፈችውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። በፊቱ ግን ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ተዘርግቷል። ባለተሳቢው መኪና እህልና ሲሚንቶ ጭኖ ሲያልፍ እያየ፣ «እኔስ እስከ መቼ ከማክሰኚት ሳላልፍ እኖራለሁ?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

እንፍራንዝም ብትሆን ጭነት ማየት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት በጉዛራ ቤተ መንግሥት ካሠሩ በኋላ ስሟ እየታወቀ ሄደ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1699 ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ይህችን ከተማ አይቶ ስለ ዝባድ ንግዷ ጽፎላታል። በዚያን ጊዜ ጭነቱ የሚጓዘው በበቅሎና በአህያ ነበር። ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዙ በኋላ መንገድ ሲጠርጉ ግን ካሚዮን መጣ፤ ፍሪሲዮንና ባሌስትራ የሚባሉትም ቃላት አብረውት ገቡ። የሲራራው ነጋዴ አህያ ከደከማት ትቆማለች። ካሚዮን ግን ቁልቁለት ላይ ሲደክም አይቆምም፤ የነገሩም ክብደት ከዚህ ላይ ነው።

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት ባጃጅ የሚመራው በእጀታ ነው፤ ማርሹም በእጅ ይጠመዘዛል። ስለዚህ አሥር ዓመት ባጃጅ የነዳ ሰው እንኳ በካሚዮን መሪ ፊት ሲቀመጥ እጁም እግሩም አዲስ ተማሪ ነው። የሚኒባሱ ነጂ መሪና ፍሪሲዮን ስለሚያውቅ ይሻላል፤ ነገር ግን እርሱንም የሚያታልለው ይኸው ማወቁ ነው። ባጃጅ ባዶውን አምስት ኩንታል አይሞላም፤ ትልቁ ባለተሳቢ መኪና የሚሸከመው ጭነት ብቻ 400 ኩንታል ይደርሳል። ፍጥነቱም እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። መንገደኛ ባየ ቁጥር ድንገት መቆምን፣ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ መቅደምን የለመደ ሰው ይህን ልማዱን ይዞ ወደ ካሚዮን ከወጣ፣ ልማዱ ለሌላም ሰው ሞት ይሆናል።

ይልቁንም ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ እናስብ። መኪናው ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ነጂው ፍሬኑን ሳይለቅ ቢወርድ የፍሬኑ ሸራ በፍትጊያ ይግላል፤ ከጋለም በኋላ መያዝ ይሳነዋል። በየጊዜው «ፍሬን በጠሰ» እየተባለ ከሚነገረው አደጋ አንዱ ክፍል የሚመጣው ከዚህ ነው። ዐዋቂው ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋል፤ ፍሬኑን እየነካ ይለቃል እንጂ አይደገፍበትም። ነገሩ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው፤ በእጅ እስኪገባ ግን ብዙ ቁልቁለት መውረድን ይጠይቃል።

በእንፍራንዝ አንድ በዕድሜ የገፉ ሾፌር አግኝተን ነበር። አንድ ባለባጃጅ ወጣት ቀርቦ «ጋሼ፣ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዝግቤአለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምን ይቀረኛል?» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ከዚያ በኋላማ ሥራው ይቀርሃል» ብለው ሳቁ። ሕጉ የባለሦስት እግሩን ፈቃድ ከጭነቱ ፈቃድ መለየቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወረቀት ገደል አያሳይም።

ቤተ ሰብም አለ። የታክሲ ነጂ ድኻ ቢሆንም ማታ ልጆቹን ያያል። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ግን በወረታ ታጥፎ፣ የጉናን ብርድ አልፎ፣ በጋሸና ወደ ወልድያ ወርዶ፣ ከሚሌ እስከ ጋላፊ የአፋርን ሐሩር ይቀበላል። ወደብ ላይ ተራ መጠበቅ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋበት ጊዜ፣ ሾፌሮችም የታገቱበት ጊዜ ብዙ ነው። ሚስቱ ስልኩ በተዘጋ ቁጥር እንቅልፍ የላትም። ክፍያው ከፍ ያለው በነጻ አይደለም።

ታዲያ አይሻገሩ ማለታችን ነውን? አይደለም። መሻገሪያው በረዳት ወንበር በኩል ይሁን ማለታችን ነው። ችግሩ የረዳት ክፍያ ከባጃጅ ገቢ ማነሱ ነው፤ ልጆች ያሉት ሰው አንድ ዓመት በዚያ ሊኖር አይችልም። የጭነት መኪና ባለንብረቶች እንዲህ ላለው ሰው ደመወዙን ጥቂት ከፍ አድርገው ቢያቆዩት፣ አንድ መኪና ገደል ሲገባ ከሚከስሩት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው። ኢንሹራንስ የሚሰጡትም ድርጅቶች ስለዚህ ጉዳይ ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

ያ ወጣት ባጃጁን ለወንድሙ ትቶ በረዳትነት መሄዱን በኋላ ሰማን። አሁን ሥራው ሸራ ማሰርና ጎማ መመልከት፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆምም ፈጥኖ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ማስገባት ነው። መሪውን ገና አልነካም።