ሰው የማትሸሽ ዶሮ

ጎረቤታችን እትዬ ለግቢያቸው ዶሮ ሊገዙ ሲነሱ ያማከሩኝ ነገር ከለመድኩት የተለየ ነበር። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በዓመት ስንት እንቁላል ትጥላለች?» ብሎ ነው። እሳቸው ግን «ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ ሲይዟት የማትበረግግ የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ደንባራ ዶሮ ማታ ወደ ቤቷ እስክትገባ ድረስ ሰፈሩን ሁሉ ታስሮጣለች። ክትባት ለመስጠት ስትያዝ ላባዋን ታራግፋለች፤ ደጋግማ ከደነገጠች ደግሞ እንቁላል ትቀንሳለች። ለማዳዋን በየቀኑ መዳሰስ ስለሚቻል ደረቷ መሹለሉን፣ እግሯ መቁሰሉን ወይም ላባዋ ሥር ቅማል መውጣቱን ቶሎ ይደርሱበታል። ደንባራዋ መታመሟ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ መቆም ሲያቅታት ነው።

ገበያ ላይ ሻጩ ሁሉንም «ለማዳ ናት» ማለቱ አይቀርም። በአገራችን ከሚገኙት ውስጥ በጠባይዋ የረጋችው የትኛዋ ናት ብባል መጀመሪያ የምጠቅሰው ቡናማዎቹን እንቁላል ጣዮች ነው፤ ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን። እነዚህ ብዙ ሆነው ባንድ ቤት ሳይረባበሹ እንዲኖሩ ለብዙ ትውልድ ተመርጠው የተዳቀሉ ናቸው። ሰው ሲገባ ወደ ጥግ ከመሸሽ ይልቅ እግር ሥር መጥተው የጫማ ማሰሪያ ይነቅላሉ። በደንብ ከተያዙ በአንድ የመጣያ ዘመን 300 ገደማ እንቁላል ይሰጣሉ። ግን ይህ ሁሉ ከአየር የሚመጣ አይደለም። አንዲት ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። አምስት ካሉ በወር 18 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። «የእንጀራ ፍርፋሪ ይበቃቸዋል» ብሎ የገዛቸው ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልፍስፍስ ቅርፊት ያለው እንቁላል ያገኛል፤ ቆይቶም ምንም አያገኝም። ደግሞም ድቅል ስለሆኑ ከእንቁላላቸው ተፈልፍሎ የሚያድገው ጫጩት የእናቱን ያህል አይጥልም። ራሳቸውም መታቀፍ የሚባለውን ነገር ረስተውታል ማለት ይቻላል።

ከፈረንሳይ የመጣችው ሳሶ ደግሞ ከበድ ያለች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ በቀላሉ የምትያዝ ናት። ብዙ ሰው በ45 ቀን ጫጩትነቷ ከአሳዳጊ ይገዛታል። ለሥጋም ለእንቁላልም ትሆናለች፤ አውራው በበዓል ገበያ ሲነሳ ክንድ ያዝላል። ለልጆች ግቢ ከሷ የተሻለ ገር ማግኘት ከባድ ነው። ጉድለቷ እዚያው ገርነቷ ላይ ነው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀና ብላ ትመለከተዋለች እንጂ አትሮጥም።

እኔ ለከተማ ግቢ የማደላው ለኮኮክ ነው። የተዳቀለችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም ሲሆን ከወላጆቿ መካከል ጥቁር አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርን ይገኙበታል። ስሟ በአፍሪካንስ ቋንቋ ኩኩ ከምትባለው ወፍ የተወሰደ ነው፤ ላባዋ ላይ ያለውን የጥቁርና ነጭ ሸንተረር ለማመልከት ነው። ወደ እኛ አገር ገብታ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከተፈተሸች በኋላ ወደ አርሶ አደሩ ደርሳለች። የወደድኳት መሃል ላይ ስለቆመች ነው። እንደ ቦቫንስ ባትጥልም ከሀበሻ ዶሮ በብዙ እጥፍ ትጥላለች። እንደ ሳሶ ደንዛዛ አይደለችም፤ ጭራ መብላት ታውቃለች። ስትያዝ ጥቂት ታጉረመርምና ትረጋጋለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘሯ የረጋ በመሆኑ ጫጩቷ እናቱን ይመስላል። በየዓመቱ ጫጩት ለመግዛት መንከራተት ለማይፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሀበሻዋ ነገር ብዙ ይባልለታል፤ አብዛኛው ውዳሴም ነቀፌታም ተጋኗል። «አትጥልም» የሚሏት በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ስለምትሰጥ ነው። ግን ጊዜዋን በምን እንደምታሳልፍ እንይ። 12 ወይም 15 ትጥልና ትታቀፋለች። 21 ቀን ተኝታ ትፈለፍላለች። ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ ሁለት ሦስት ወር ትዞራለች። የሰነፈች ዶሮ አይደለችም፤ መፈልፈያ ማሽኑንም የጫጩት ማሞቂያውንም ሥራ አንድ ላይ የያዘች ናት። መታቀፏን ለማስተው ቁልቁል የሚሰቅሏት፣ አፍንጫዋ ላይ ላባ የሚሰኩባትም አሉ። ይህ ማሠቃየት ነው፤ ሰውንም ለዘላለም ያስፈራታል። ነፋስ ከሥሩ በሚገባበት የሽቦ ወለል ያለው ሳጥን ውስጥ፣ ምግብና ውኃ እየሰጡ ጥቂት ቀን ቢያቆዩዋት ያው ትተዋለች።

ጠባይዋስ? የሀበሻ ዶሮ ስንል አንድ ዝርያ አይደለም፤ የሆሮዋ፣ የጨፌዋ፣ የጃርሶዋ፣ የቲሊሊዋ ይለያያሉ። በደፈናው ግን ንቁ ናት። እጅ ሲዘረጋላት ትበራለች፤ ጫጩት ከያዘች ደግሞ ውሻም ቢሆን ፊት ለፊት ትገጥማለች። ያደገችውን ገዝቶ ለማላመድ መሞከር ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ፋዩሚ ከግብፅ የመጣች፣ በሽታ የምትቋቋም ጎበዝ ወፍ ናት፤ ግን ስትያዝ የምትጮኸው ጩኸት ጎረቤት ያስወጣል፣ ማታም ዛፍ ላይ ማደር ትመርጣለች። ነጭ ሌግሆርንም በጣም በርጋጊ ናት። ሮድ አይላንድ ሬድ ሴቷ ደህና ናት፤ አውራው ግን ልጅ ባለበት ግቢ አይመከርም።

አውራን ካነሳን አይቀር፣ ብዙዎች ዶሮ እንዲጥል አውራ ያስፈልጋል ይላሉ። አያስፈልግም። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ነው፤ ያም ቢሆን ለስምንት ለአሥር ሴቶች አንድ ይበቃል። በጫጩትነቱ ትከሻ ላይ የሚወጣው ለማዳ አውራ አምስት ስድስት ወር ሲሞላው ድንገት የሰው ቅልጥም መውጋት ሊጀምር ይችላል። እንዲያውም ሰው ስለማይፈራ ከደንባራው ይብሳል። ልጆች በእግራቸው እየነካኩ ካጫወቱት ደግሞ ጨዋታው ለሱ ጠብ ነው። እንዲህ ያለውን አውራ ለመምከር ከመሞከር ለበዓል መያዝ ይሻላል።

አሁን ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። እኔ መልሼ የጠየቅኳቸው ስለ ግቢያቸው ነበር። አጥር አለው? ከላይ የተሸፈነ ቦታ አለው? ሌሊት ሸለምጥማጥ ይገባል? ለማዳነትና ንቁነት ባንድ ዶሮ ላይ እኩል አይገኙም። ሰው የማትሸሽ ዶሮ ድመትንም አትሸሽም። ሰፊ ክፍት ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ተለቅቃ የምትውል ከሆነ ደንባራዋ ሀበሻ ትኖራለች፤ ሳሶዋ አንድ በአንድ ትወሰዳለች። ከላይ መረብ የተዘረጋበት፣ ማታ በሩ የሚዘጋ ቤት ካለ ግን ገሯን መምረጥ ምንም አያስፈራም። ለቤቱም ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ በአንድ ካሬ ሜትር ከአራት አምስት ዶሮ አለማብዛት፣ ማደሪያ ቆጥ መሥራት፣ ሽቦውን የሸለምጥማጥ ራስ በማያሾልክ ጥበት መምረጥ ነው። ዶሮ ብቸኝነት አትወድም፤ ከሦስት አይነሱ።

ዝርያ ግማሹ ነው። ቀሪው አያያዝ ነው። ሾላ ገበያ ሂዱና ዶሮ እንዴት እንደሚያዝ ተመልከቱ፤ እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ ክንፏ ተዘርግቶ። እንዲህ ሆና ቤት የገባች ዶሮ ሰውን ብትሸሽ ምን ይገርማል? አንዱን እጅ ከደረቷ ሥር አድርጎ በሌላው ክንፎቿን ከጎኗ ጋር ደገፍ ማድረግ ነው ትክክለኛው አያያዝ። አዲስ የገቡትን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አለማባረር ነው፤ «እሽ!» የሚለውን ቃል እንዳይሰሙ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ቁጭ ብሎ ከመዳፍ ጥቂት በቆሎ ወይም ስንዴ መስጠት። ቆሞ የሚመጣ ሰው ለዶሮ እንደ ጭልፊት ከላይ የሚወርድ ነገር ነው፤ የተቀመጠ ሰው ግን አያስፈራትም። ጫጩቶቹ ትንንሽ እያሉ ከተጀመረ በሁለት ሦስት ሳምንት ልዩነቱ ይታያል። ማታ በጨለማ ዶሮ ስለምትፈዝ ምርመራም ሆነ ክትባት ያኔ ቢሆን ግርግር አይኖረውም።

ክትባትን ሳነሳ ፈንግልን ማለፍ አልችልም። በጥቂት ቀናት ግቢውን ባዶ የሚያደርግ በሽታ ነው፤ ከያዘ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ብቻ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ሲገዛ የትኞቹን ክትባቶች እንደወሰደ መጠየቅና በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። አዲስ ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ልጆች ዶሮ ይዘው ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ ልትይዝ ስለምትችል ምንቃሯን መሳሙ ይቅርባቸው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በጓሯቸው ዶሮ ሲያስቡ ምርጫቸው ይሰፋል። እንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ የተገኘችው ኦርፒንግተንና ላባዋ እንደ ሐር የለሰለሰው፣ ቆዳዋ ጥቁር የሆነው፣ አምስት ጣት ያላት ሲልኪ ለልጅ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ብዙ ከተሞች ግን አውራ ስለሚከለክሉና የዶሮ ቁጥርም ስለሚገድቡ አስቀድሞ የከተማውን ደንብ ማየት ይበጃል።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆች። ልጆች ስም ያወጡላትን ዶሮ ለፋሲካ ማረድ ቀላል አይደለም። እኛ ቤት አንድ ዓመት ዶሮ ወጡ ቀርቦ ሁለቱ ልጆች አልበላም ብለው ሽሮ ተሠራላቸው። የምትታረደውና የምትቆየው ከመጀመሪያው ቢለዩ ጥሩ ነው።

እትዬ በመጨረሻ አራት ኮኮክ ሴቶች፣ አንድ ረጋ ያለ ኮኮክ አውራና አንዲት ሀበሻ ዶሮ ገዙ። ሀበሻዋ መታቀፍ ስትጀምር የኮኮኮቹን እንቁላል አደረጉላት፤ ከራሷ ስለሚተልቅ ስምንት ብቻ ነው ያስታቀፏት። በ21ኛው ቀን ስድስቱ ወጡ። ጫጩቶቹ ጭልፊት ሲመጣ ሀበሻዋ በምታሰማው ድምፅ ጥላ ሥር መግባት ከእንጀራ እናታቸው ተምረዋል። የልጅ ልጆቹ ደግሞ በየማለዳው መሬት ላይ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ሀበሻዋ ከሁለት እርምጃ ርቃ እየተቆጣች ስትጠብቅ ጫጩቶቹ እጃቸው ላይ ይወጣሉ።