በነፋስ ስልክ የምትታዘዝ ሰርጓጅ መርከብ

ነፋስ ስልክ የተባለው ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ከሚያነጋግረው መሣሪያ፥ ዛሬ ሬዲዮ ከምንለው መሆኑን ስንቱ ነዋሪ ያስታውሰው ይሆን? እኛ ትዝ ያለን ላፍቶ በሚገኝ አንድ ግቢ ከሁለት ጓደኞቻችን ጋር ሆነን፥ በሬዲዮ የምትታዘዝ የሰርጓጅ መርከብ አምሳያ ይዘን ከውሃ በርሜል አጠገብ በቆምንበት ሰዓት ነው።

መርከቢቱ ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ የተሠራች፥ ርዝመቷ አንድ ክንድ የማይሞላ፥ ክብደቷም 2 ኪሎ ያህል ነበረች። ገና ስንለቃት በአፍንጫዋ ተደፍታ ወደ በርሜሉ ግርጌ ወረደች። ባትሪውን ከፊት ማስቀመጣችን ነው ጉዱ! አንደኛው ጓደኛችን እስከ ብብቱ ገብቶ ሲያወጣት የቤቱ እመቤት ደረሱብን። «እናንተ ልጆች፥ የምንጠጣውን ውሃ ባሕር አደረጋችሁት!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል መጫወቻ አይደለም።

ተንሳፋፊ ጀልባ ጭነቱ ቢዛባ ትንሽ ያዘነብላል እንጂ መንገዱን አይተውም። ሰርጓጅ ግን ምሕረት የለውም። የእኛይቱ ውሃ የምትስበው 60 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ስሪንጅ ነው፤ ይኸውም በመንሳፈፍና በመስጠም መካከል ያለው ልዩነት 60 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። ስሪንጁ ባዶ ሳለ ከውሃው በላይ የሚታየው አካሏ ከዚያ ከበለጠ፥ ስሪንጁ ቢሞላም አትጠልቅም።

ስለዚህ ከጎሚስታ ዘንድ ለጎማ ሚዛን የሚለጠፈውን ቁርጥራጭ እርሳስ አመጣን። አህያ ጫኝ ግራና ቀኙን ያመዛዝናል፤ እኛ ግን ፊትና ኋላውን፥ ላይና ታቹንም ማመዛዘን ነበረብን። እርሳሱ ከሆዷ ሥር፥ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣው ነጭ ፎም ደግሞ ወደ ላይ ካልሆነ ትገለበጣለች። ስሪንጁም መካከል ላይ ካልተቀመጠ ውሃ በሳበች ቁጥር ታጎነብሳለች። ባሕር ብትወርድ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው፤ የጨው ውሃ በሊትር 25 ግራም ያህል ስለሚከብድ፥ 50 ግራም እርሳስ መጨመር ግድ ይሆናል።

በመጨረሻው ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን ሚዛኑ ልክ ዜሮ ይሁን አለ። እኛ ግን 5 ግራም እንቀንስና ስሪንጁ ሞልቶም ቢሆን የማማዋ ጫፍ ጥፍር ታህል ብቅ ትበል፥ የቀረውን መቅዘፊያዋና ክንፎቿ ይጫኗት አልን። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ እርሳሱ ተነሣ።

ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ዓ.ም. በኒውዮርክ በሬዲዮ የሚታዘዝ ጀልባ ሲያሳይ ጀልባው ከውሃ በላይ ነበር። የእኛ ፈተና በአንድ የመዋኛ ገንዳ የመጣው ከውሃ በታች ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የ2.4 ጊጋኸርዝ መሣሪያ በአየር ሩቅ ቢሄድም፥ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሞታል፤ በ40 ሜጋኸርዝ የሚሠራው አሮጌው ዓይነት ግን በንጹሕ ውሃ ጥቂት ሜትር ይዘልቃል። የእኛ አዲሱ ነበር። መርከቢቱ ጠለቀች፥ ትእዛዝም አልሰማ አለች፤ ሞተሯም ቆመ። ሦስታችንም የሦስት ወር ቁጠባችን ያረፈበትን ውሃ ዝም ብለን እናይ ጀመር።

ጥቂት ቆይቶ የማማዋ ጫፍ ብቅ አለች። ዜሮ ይሁን ያለው ጓደኛችን ሮጦ የገባው ከነጫማው ነው።

በላፍቶው በርሜል ላይ ግን እመቤቲቱ ቁልፍ አድርገውበታል።