ሐሰተኛ ታሪክ የሚያወርሰው ዕዳ

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ንግግር የጽሕፈትን ታላቅነት ያስረዳል። ነገር ግን የሚወረሰው እውነቱ ብቻ አይደለም፤ ሐሰትም በመጽሐፍ ከተጻፈና የሊቅ ስም ከታተመበት፥ እውነት መስሎ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ለዚህም በአሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ስለ ነበረው ዘመን የተጻፉት የታሪክ መጻሕፍት በቂ ምሳሌ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. ከተዋጉ በኋላ ባርነት በሕግ ተሻረ፤ ወደ 4 ሚሊዮን የሚሆኑ ጥቁሮችም አርነት ወጡ። በ1868 ዓ.ም. የዜግነት፥ በ1870 ዓ.ም. ደግሞ የምርጫ መብት በሕገ መንግሥቱ ተጻፈላቸው። በዚያው በ1870 ዓ.ም. ሂራም ሬቭልስ የተባሉ ጥቁር ሰባኬ ወንጌል ከሚሲሲፒ ግዛት ተመርጠው በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቀመጡ። በ1877 ዓ.ም. ግን ማዕከላዊው መንግሥት ጥበቃውን ስላነሣ፥ የደቡብ ሥልጣን የቀድሞውን ሥርዓት ወደሚወዱት ሰዎች ተመለሰ። ሚሲሲፒም በ1890 ዓ.ም. ባወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት ጥቁሮቹን ከምርጫ አስወጣ፤ ሌሎቹም የደቡብ ግዛቶች ተከተሉት።

ከዚህ በኋላ የሊቃውንቱ ብዕር መጣ። በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ደኒንግ በ1907 ዓ.ም. ስለዚያ ዘመን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም የየግዛቱን ታሪክ እየለዩ ጻፉ። እነዚህ ሰዎች መዝገብ ሳያገላብጡ የጻፉ አይደሉም። ነገር ግን የጌታውን ቃል እንደ ምስክር ሲቀበሉ፥ የባሪያውን ቃል ከቍጥር አላገቡትም። ስለዚህ ለጥቁሮች የምርጫ መብት መስጠት ስሕተት ነበረ፥ ሰዎቹም ለአስተዳደር የሚበቁ አልነበሩም ብለው ፈረዱ። ግፉ ከመጻሕፍቱ በፊት የተሠራ ቢሆንም፥ መጻሕፍቱ የዕውቀት ልብስ አለበሱት። በ1915 ዓ.ም. ይኸው ፍርድ በሲኒማ ተሠርቶ በፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ታየ።

ይህን ፍርድ በማስረጃ የተቃወሙት ዋናው ሰው በ1895 ዓ.ም. ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ በመቀበል ከጥቁሮች የመጀመሪያው የሆኑት ዊልያም ዱቦይስ ናቸው። በ1909 ዓ.ም. በታሪክ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ንግግር አደረጉ፤ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ከ700 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ አወጡ። በዚህም መጽሐፍ፥ ከእርሻው እየሸሹ ወደ ሰሜኑ ጦር የገቡት ባሮች ለድሉ ምክንያት እንደ ሆኑ፥ ጥቁሮች የተካፈሉበትም አስተዳደር ለድሃው ነጭ ልጅ ጭምር የሚጠቅመውን የሕዝብ ትምህርት ቤት በደቡብ እንዳቋቋመ አስረዱ። በመጨረሻው ምዕራፍም የታሪክ ጸሐፊዎችን ስሕተት በግልጽ ገሠጹ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የታሪክ ሊቃውንት ማኅበር መጽሔት በጊዜው ስለዚህ መጽሐፍ አንዳች ትችት ሳያወጣ በዝምታ አለፈው።

እውነቱን መፈለግ ምን ያህል ችግር እንደ ነበረበት ከሌላው ጥቁር የታሪክ ሊቅ ከጆን ሆፕ ፍራንክሊን ኑሮ ይታያል። እኒህ ሊቅ በ1939 ዓ.ም. ለምርምር ወደ ሰሜን ካሮላይና የመዛግብት ቤት በሄዱ ጊዜ፥ ከነጮች ጋራ እንዳይቀመጡ ሌላ ክፍል ተዘጋጀላቸው። ነጮቹ ሠራተኞች እንዳያገለግሏቸውም የመዛግብቱ ክፍል ቍልፍ ተሰጣቸውና ሰነዱን ራሳቸው ያወጡ ጀመር። ጥቂት ቀን ቈይቶ ግን ነጮቹ ተመራማሪዎች «ለእርሱ የተፈቀደው ለእኛ ስለ ምን ተከለከለ?» በማለት ስላጕረመረሙ ቍልፉ ተመልሶ ተወሰደ። ፍራንክሊን ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ በ1947 ዓ.ም. ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ ወጣ።

የምርጫውን መብት የሚያስከብረው ሕግ የጸናው በ1965 ዓ.ም. ነው። ዱቦይስ በ1963 ዓ.ም. በጋና በአክራ ከተማ ስላረፉ ይህን አላዩም። የቀድሞው ፍርድ በሊቃውንት ዘንድ ቀስ በቀስ ተሻረ፤ በ1988 ዓ.ም. ኤሪክ ፎነር ስለዚያ ዘመን ያሳተሙት ታላቅ መጽሐፍም አዲሱን አስተያየት አጸና። ፎነር የሚያስተምሩት ደኒንግ ባስተማሩበት በዚያው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከደኒንግ መጽሐፍ እስከ ፎነር መጽሐፍ 81 ዓመት አለፈ፤ በዚህ መካከል ስንቱ ሰው የምርጫ ካርድ ሳይነካ ሞተ!

በችሎት የቆመ ሐሰተኛ ምስክር የሚጐዳው አንድ ባለጕዳይን ነው፤ ሐሰተኛ የታሪክ ጸሐፊ ግን ገና ባልተወለደ ልጅ ላይ ይመሰክራል። ስለዚህ ዜና መዋዕል የሚጽፍ ሊቅ፥ መዝገብ የሚይዝ ሹም፥ የጉባኤ ቃል የሚቀበል ጸሐፊ ሁሉ፥ በፊቱ ቆሞ የሚናገረውን ባለሥልጣን ብቻ ሳይሆን፥ ቃሉን የሚጽፍለት ያላገኘውንም ሰው መጠየቅ ይገባዋል። በአሜሪካ ብዙው ሰነድ ከመጀመሪያው በየመዛግብቱ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ የጐደለው በሁለቱም ወገን ጆሮውን የሚከፍት አንባቢ ነበረ።