ፀሐይ የማትጨርሰው ፌስታል

ከነገሌ ቦረና ወጣ ሲሉ፣ አንዳንዱ ግራር ላይ ከቅጠሉ ይልቅ ፌስታሉ ጎልቶ ይታያል። «ይሄ ምን አለው? የቆላ ፀሐይ ይጨርሰዋል» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ፌስታል ለወራት ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የሚጠፋው ግን ከዓይን ነው። ፀሐይ ያደቅቀዋል እንጂ ወደ አፈርነት አይለውጠውም። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ደጅ ተቀምጦ የሚውለው ቢጫ ጀሪካንና ጫፉ የተተለተለው የማዳበሪያ ከረጢትም እንደዚያው ስብርባሪ እያራገፉ ነው።

«ባሕር በሌለበት አገር የፕላስቲክ ብክለት ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ነገሌ ያለችው በገናሌና በዳዋ መካከል ነው። ሁለቱ ወንዞች ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ፤ ጁባም ኪስማዮ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። እኔን ግን ከውቅያኖሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኩሬው ነው። ድርቅ ያጠነከረው መሬት የመጀመሪያውን ዶፍ ቶሎ አይጠጣም፤ ጎርፉ የከተማውን ጥራጊ ሁሉ ይዞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ ሰውና ከብት የሚጠጡት ኩሬ አለ። ኩሬ መውጫ የለውም። በበጋ ውሃው ይተናል፣ ፕላስቲኩ ይቀራል። በሚቀጥለው ዝናብ ሌላ ይጨመርበታል።

ወንዝም ቢሆን ሁሉን ጠርጎ አይሄድም። ውሃ በተረጋጋበት ቦታ ደለል ይዘቅጣል፣ ከደለሉ ጋር ብዙው ፕላስቲክም ይቀመጣል። የዝዋይ ሐይቅ ነገሩን በግልጽ አሳይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች ከሦስቱ አንዱ ያህል ሆዱ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቶበታል። ከታች ጭቃ እየቆፈሩ የሚመገቡት አምባዛና ካርፕ ደግሞ ከቆሮሶ የበለጠ ውጠው ነበር።

«ማቃጠል ነው መፍትሔው» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ሜዳ ላይ የሚለኮስ እሳት መርዛማ ጭስ ያወጣል፣ አመዱም ውስጥ ያልነደደ ቁራጭ ይቀራል።

«እኔ ሃይላንድ ነው የምጠጣው» የሚለውም ራሱን እንዳያታልል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ9 አገሮች የሰበሰቧቸውን 259 የታሸገ ውሃ ጠርሙሶች ቢፈትሹ፣ 93 በመቶው የፕላስቲክ ብናኝ ነበረበት። ከፊሉ ከራሱ ከማሸጊያው የመጣ ነው።

ፌስታል በሕግ መከልከሉስ? እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አዋጅ ቀጭኑን ከለከለ፤ በ2025 ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ሕጉ ግን ግራሩ ላይ የተሰቀለውን አያወርድም፣ ጀሪካኑንም አይነካም።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ውሃው መርዝ ነው» ቢል እሱም አጋኗል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ በመጠጥ ውሃ ያለው ማይክሮፕላስቲክ በጤና ላይ ስላለው ጉዳት ማስረጃው ገና ውሱን ነው ብሏል፤ ይበልጥ የሚያስፈራው ተቅማጥ የሚያመጣው ተዋሕሲ ነው። ስለዚህ የኩሬ ውሃ የሚጠጣ ሰው ማፍላቱን አይተው። ማፍላት ሌላም ጥቅም አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የቻይና ተመራማሪዎች ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሲፈላ የሚፈጠረው ነጭ ዝቃጭ ብናኙን ጠቅልሎ እንደሚያስቀር አሳይተዋል። ከፈላ በኋላ እንዲረጋ መተው፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ማጥለል፣ ማንቆርቆሪያው ግርጌ የቀረውን ነጩን ነገር ደግሞ አለመጠጣት ነው።